ሕጉ ይጠብቃል

«ጠበቃ ትሆናለች ብዬ ዓይን ዓይኗን ሳይ ጠባቂ ልሁን አለችኝ። ፊደል ነው የተንጋደደባት?» አለችኝ እህቴ በስልክ። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። እሑድ ለቡና እንድመጣ፣ መጥቼም እንድፈርድ አዘዘችኝና ስልኩን ዘጋችው።

ልጅቷ የሁለተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ናት። ቤታቸው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፤ ከየካ ክፍለ ከተማ ሰፈሮች ሽቅብ ወደ እንጦጦ ከሚወጡት አንዱ። በጓሮ በኩል ቀና ያለ ሰው የሚያየው ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮው በላይ ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ በላይ ደመና ነው። ልጅቷ እዚያው ተወልዳ ስላደገች ዳገቱን አይታው አታውቅም ቢባል ይቀላል፤ ከቤት ጀርባ ያለ ነገር ማን ልብ ይለዋል?

ቡናው ሳይፈላ ክርክሩ ፈላ።

«ሰው ልጁን ዘበኛ ሊያደርግ ኮሌጅ ይልካል?» አለች እህቴ ወደ እኔ ዞራ።

«እማዬ፣ ዘበኛ አላልኩም እኮ።»

«ታዲያ ዱላ ይዞ ጫካ ለጫካ የሚዞር ምን ይባላል?»

እኔ ዝም አልኩ። ቃሉ አሳስቦኝ ነበር። «ዘበኛ» ምን በደለ? በንጉሡ ዘመን ይኸው ቃል «ክቡር» የሚል ቅጽል ደርቦ የቤተ መንግሥቱ ጦር መጠሪያ ነበር፤ ክቡር ዘበኛ የገባ ልጅ ያላት እናት በሰፈሩ አንገቷን ቀና አድርጋ ትሄድ ነበር። ያው ቃል ከዘውድ በር ወደ ግቢ በር፣ ከግቢ በር ወደ ጫካ ሲወርድ ማዕረጉ እየረገፈ መጣ። ጠባቂን የምንመዝነው በሚጠብቀው ነገር ነው ማለት ነው። የደን ጠባቂን ከናቅነው ስለ ሰውየው የተናገርነው ነገር የለም፤ ስለ ደኑ ግን ብዙ ተናግረናል።

ሥራው በአገራችን አዲስ አይደለም። በሰሜን ተራሮች፣ በባሌ፣ በአዋሽ ብሔራዊ ፓርኮች ጠባቂው «ስካውት» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ የአካባቢው ተወላጅ ነው፤ ጠመንጃውን አንግቶ፣ በሶውን ቋጥሮ ብርድና ገደል ውስጥ ቀናት ያሳልፋል። ዋልያ ይቆጥራል፣ ወጥመድ ይነቅላል፣ እሳት ያጠፋል፣ ከብቱን ወደ ፓርኩ ካስገባ ጎረቤቱ ጋር ይጣላል፣ በማግሥቱ ከዚያው ጎረቤት ጋር ለቅሶ ይቀመጣል። በዚህ ሥራ ላይ እንዳሉ የሞቱም አሉ። የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999፣ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 575/2000፣ የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ሁሉም ተጽፈው ታትመዋል። የተጻፈው ቃል ሥጋ የሚለብሰው ግን በዚያ በሶ ቋጥሮ በወጣው ሰው ነው። ዓለም ሐምሌ 24 ቀን እነዚህን ሰዎች ያስባል፤ እኛ ቤት ግን ማንም አላሰባቸውም ነበር፣ እስከዚያ እሑድ ድረስ።

«እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አልኳት።

መምህራቸው አንድ የቤት ሥራ ሰጥቷቸዋል፤ አንድ አዋጅ ምረጡ፣ ከወረቀት ወርዶ መሬት ላይ ሲራመድ እዩት፣ ያያችሁትን ጻፉ። ጓደኞቿ የትራፊኩን፣ የኪራዩን፣ የታክሱን ወሰዱ። እሷ የደኑን አዋጅ ወሰደች፤ ምክንያቷም ታክሲ የማያስከፍል መሆኑ ነበር። ጫካው ጓሮዋ ነው። ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት እየወጣች ከአንድ ደን ጠባቂ ጋር ዋለች። ሰውየው ሃምሳ ያለፈው ነው፤ አሮጌ ካፖርት ይለብሳል፣ ዱላ ይይዛል፣ ብዙ አያወራም።

በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ አንዲት ሴትዮ እንጨት ተሸክመው ቁልቁል መጡ። እንጨት የተሸከመች ሴት ከሩቅ ሸክም እንጂ ሰው አትመስልም፤ ወገቧ ስለሚታጠፍ ፊቷ መሬት ነው። ጠባቂው መንገዱ ላይ ቆመ። ሴትዮዋም ቆሙ። ቃል ሳይለዋወጡ ጀርባቸውን ወደ ጉብታው አዙረው ሸክሙን አስደገፉ፤ ይህን ሥርዓት ሁለቱም ከዚያ ቀን በፊት ያውቁታል። እሱም ገመዱን ፈታ። ጭራሮ ነው፣ ቅጠል ነው፣ ደረቅ ቅርፊት ነው። ከመሃሉ ግን ሦስት እርጥብ ቅርንጫፍ ወጣ፤ በመጥረቢያ የተቆረጠ ለጋ ጥድ።

«እናቴ፣ ይሄ ገና ልጅ ነው» አላቸው።

ሦስቱን ወደ ጎን አስቀመጠ። ደረቁን ሰብስቦ፣ በጉልበቱ ተጭኖ፣ ገመዱን ጠበቅ አድርጎ መልሶ አሰረው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አሸከማቸው። ሴትዮዋ አላመሰገኑም፣ አልረገሙም፤ ወረዱ።

«አጎቴ፣ ማስታወሻዬ ላይ አምስት ግስ ነው የጻፍኩት» አለችኝ። «ፈታ፣ አየ፣ ለየ፣ አሰረ፣ አሸከመ። አራቱን አዋጁ ውስጥ ፈልጌ በሌላ ቃል አገኘኋቸው፤ ፍተሻ፣ ምርመራ፣ መያዝ፣ መመለስ። አምስተኛው የለም። ማሸከም የሚል አንቀጽ የለም።»

የዚያ ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህችን አምስተኛ ግስ ለማን እንደማስረክባት ጠፋኝ፤ ለሕግ ወይስ ለቸርነት?

ከሁሉ በፊት ያ ተራራ ለምን ጠባቂ እንዳስፈለገው ማስታወስ ይገባል። እንጦጦ አንድ ጊዜ ተላጭቶ ያውቃል። ዳግማዊ ምኒልክ ከተማቸውን እዚያ አናት ላይ አድርገው፣ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ፣ ዙሪያው የነበረው ጥድና ወይራ ለቤት፣ ለአጥር፣ ለምድጃ እየተቆረጠ ያልቅ ነበር። ከተማው ወደ ፍልውሃው ቆላ ከወረደ በኋላም እሳቱ አልጠፋ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ማገዶ ከማለቁ የተነሣ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ ተነሥቶ፣ ግንባታውም ተጀምሮ ነበር። አዲስ አበባን በቦታዋ ያቆያት ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በቶሎ ያድጋል፤ ሲቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል። መጥረቢያን ይቅር ይላል። ጥድ ግን ይቅር አይልም። አንዴ የተቆረጠ ጥድ ከጉቶው አይነሣም፤ ከዘሩ መጀመር አለበት፣ ያውም በዝግታ።

ስለዚህ በአንድ ጫካ ውስጥ ሁለት ዓይነት ጊዜ አለ። አንዱ የምድጃ ጊዜ ነው፤ ዛሬ ማታ እንጀራ መጋገር አለበት። ሌላው የጥድ ጊዜ ነው፤ የልጅ ልጅ ጥላ ሥር መቀመጥ አለበት። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለቱም ረኃብ ናቸው። ጠባቂው የሚቆመው በሁለቱ መካከል ነው።

ባሕር ዛፉ ከመጣ ወዲህ ለብዙ አሥርት ዓመታት የአዲስ አበባን ምጣድ ያሞቁት የእንጦጦና የየካ ሴቶች ናቸው። ሌሊት ወጥተው፣ አንዳንዴ የራሳቸውን ክብደት የሚያህል ጭነው፣ ቁልቁል በፈረንሳይ፣ በሽሮ ሜዳ፣ በኮተቤ ወርደው ሸጠዋል። በደን ጠባቂዎች መደብደባቸው፣ መዘረፋቸው፣ ከዚያም የከፋ ግፍ የደረሰባቸው መሆኑ በጥናት ተመዝግቧል። በኋላም ሸክም የተዉት ተሰባስበው ማኅበር አቋቁመው፣ ሸማ እየሠሩ መሸጥ ጀመሩ። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የእንጦጦ ፓርክ ሲመረቅ ተራራው መናፈሻ ሆነ፤ ትኬት ቆራጭ፣ ብስክሌት፣ ካፌ መጣለት። ያም ሆኖ ከአጥሩ ውጭ ያለው ዳገት አሁንም የሁሉም ነው። ጎህ ሲቀድ ሯጩ ያልብበታል፣ ጠበልተኛው ይወጣበታል፣ ጅቡ ወደ ጉድጓዱ ይመለስበታል፣ ቅጠል ጠራጊዋ ትጎነበስበታል። ጠባቂው ለእያንዳንዳቸው ሌላ ሰው ነው፤ ለአንዱ መንገድ ጠቋሚ፣ ለሌላው አለኝታ፣ ለሌላዋ ስጋት።

እዚህ ላይ አማርኛ ራሱ አንድ ነገር ሹክ ይላል። «ይጠብቃል» ብላችሁ ጻፉ። ፊደሉ አንድ ነው፤ ንባቡ ሁለት። «ብ» ላልታ ከተነበበች የሚጠብቀው ገመድ ነው፣ ቋጠሮ ነው፣ ብሎን ነው። ጠብቃ ከተነበበች የሚጠብቀው ሰው ነው፤ ያውም በሁለት መንገድ፤ እረኛ ከብቱን እንደሚጠብቅ ወይም እናት ልጇ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ ደጅ ላይ እንደምትጠብቅ። እንግዲህ «ሕጉ ይጠብቃል» ብለን ብንጽፍ፣ ምን ማለታችን እንደሆነ ወረቀቱ አይናገርም። ሕጉ ገመድ ሆኖ ያንቃል? እረኛ ሆኖ ይጠብቃል? ወይስ እናት ሆኖ ይታገሣል? መልሱ ያለው በአንባቢው አፍ ነው። በጫካ ውስጥ የሕጉ አንባቢ ደግሞ ያ ካፖርት የለበሰው ሰው ነው። አጥብቆም አላልቶም የሚያነብልን እሱ ነው።

የኦሪት ዘፍጥረትንም በዚህ ዓይን ደግሜ አየሁት። ለሰው የተሰጠው የመጀመሪያ ሥራ ጥበቃ ነው፤ አዳም ገነት የገባው ሊያለማትና ሊጠብቃት ነበር። መሣሪያ አልተሰጠውም። ከውድቀቱ በኋላ ግን በበሩ ላይ ሌላ ጠባቂ ቆመ፤ ኪሩቤል፣ ከእሳት ሰይፍ ጋር። አንድ ጫካ፣ ሁለት ጠባቂ። አዳም የሚጠብቀው ከጥፋት በፊት ነው፣ እያለማ፣ ስም እያወጣ። ኪሩቤል የሚጠብቁት ከጥፋት በኋላ ነው፣ እየከለከሉ። ብዙ ጊዜ «ሕግ ማስከበር» ስንል የምናስበው ኪሩቤልን ነው። ነገር ግን አዳምንም ከመጠን በላይ እንዳናቆላምጠው፤ የመጀመሪያው ጠባቂ ከሥራው የተባረረው ከሚጠብቀው በልቶ ነው። መሣሪያ የሌለው ጠባቂም እጁ ንጹሕ ካልሆነ ገነትን አያተርፍም። ጥቂት ገጽ አለፍ ሲሉም ቃየል የወንድሙን ጠባቂነት ሲክድ ይገኛል። የመጀመሪያው ሥራም የመጀመሪያው ክሕደትም በአንድ ቃል ላይ መውደቃቸው ያለ ነገር አይመስለኝም። ዛፍን የሚጠብቅ ሰው የወንድሙን ጥያቄ ማምለጥ አይችልም፤ በዛፉና በመጥረቢያው መካከል ሁልጊዜ አንድ ወንድም ወይም አንዲት እህት አለች።

አባቶቻችን ለዚህ ጥያቄ ያገኟቸው መልሶች አሉ። በየካ ተራራ ላይ ከዓለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል አጠገብ ብትቆሙ፣ እንደ ብዙ ደብርና ገዳም ሁሉ፣ ቅጥሩ ያቆየውን የአገር ዛፍ ታያላችሁ። የዚያ ዓይነቱ ደን ዋና ጠባቂ ውግዘት ነበር። ውግዘት ደመወዝ አይጠይቅም፣ ሌሊት አይተኛም፣ ጉቦ አይበላም፤ የሚሠራው ግን በሚያምን ልብ ላይ ብቻ ነው። የመንዝ ሰዎች ደግሞ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የጓሳን ምድር በራሳቸው ሥርዓት ሲጠብቁ ኖረዋል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ መሪ ይመረጣል፤ ጥበቃውን አቅሙ የፈቀደ ሁሉ ይወጣል፤ ቀኑ ሲደርስ ተከፍቶ ባለመብቱ ሁሉ ያጭዳል፣ ቤቱን ይከድናል፣ ገመዱን ይገምዳል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ሕጋዊ መሠረቱን ቢያሳጣውም፣ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ዛሬም እዚያ አሉ። የጓሳ ሰዎች ጠባቂና ተጠባቂ አልነበራቸውም፤ የእነሱ መጠበቅ በሁለቱም ትርጉሙ ነበር፤ ዛሬ እየከለከሉ ነገ የሚታጨደውን ደጅ ይጠኑ ነበር።

ዘመናዊው ፓርክ ግን ከሌላ ሐሳብ የተወለደ ነው። አሜሪካ የሎውስቶንን እ.ኤ.አ. በ1872 ስትከልል ጠባቂ አላሰበችም። ከስምንት ዓመት በኋላ ሃሪ ዮንት የሚባል አዳኝ ብቻውን ተሾመ፤ አንድ ሰው ለዚያ ሁሉ ምድር እንደማይበቃ በዘገባው ጽፎ ሥራውን ለቀቀ። ከዚያ ጦር ሠራዊት ገባ። አጥርና ወታደር ያሉት ፓርክ ወደ እኛም ሲመጣ ውስጡ ሰው ነበር። የሰሜን ተራሮች ፓርክ ዋልያው ስለመነመነና ሰፈራውና እርሻው ስለተስፋፋ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉት የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገባ። በ2008 የግጭ መንደር ሰዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ በ2009 ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ለዋልያው ደስ ይላል። ከአያቶቹ መቃብር ተነሥቶ ደባርቅ ዳር ቤት የሠራው ሽማግሌ ግን ይህን ደስታ በምን ቋንቋ ይካፈለዋል? ሁለቱንም ጥያቄ በአንድ ልብ መሸከም የሚችል ጠባቂ ከሌለ፣ አንዱን ጥያቄ ጫካው፣ ሌላውን ሰውየው ብቻውን ይሸከመዋል።

በሚቀጥለው እሑድ ይህን ሁሉ ለልጅቷ አወራሁላት። ወደ መጨረሻው እንዲህ አልኳት፦ «ሰውየው ያደረገው ደስ ይላል። ነገር ግን ሕግ አይደለም፤ ደግነት ነው። ነገ ሌላ ሰው ቢቆምስ? ሃምሳ ብር ተቀብሎ እርጥቡን የሚያሳልፍ፣ ወይም ደረቁንም ገልብጦ የሚደፋ? የሴትዮዋ ዕጣ በጠባቂው ጠባይ ላይ ከተንጠለጠለ ይህ ሥርዓት አይባልም፤ ዕድል ነው።»

«ለዚህ ነው እኮ» አለች ቶሎ ብላ። «መጀመሪያ እኔም እንደሱ ብዬ ጽፌ ነበር። በኋላ ግን ፍርድ ቤትን አሰብኩ። ፍርድ ቤት የሚቀርበው ሁሉ ያለቀ ነገር ነው። ገንዘብ ከጠፋ ገንዘብ ይተካል፤ ዳኛው የስልሳ ዓመት ጥድ ይተከል ብሎ ሊፈርድ አይችልም። አያቴ የምትሆን ሴትዮ መንገድ ላይ ብትደበደብም ካሣው ክብሯን አይመልስላትም። ሕግ በሰዓቱ የሚደርሰው እዚያ ዳገት ላይ ብቻ ነው፣ አጎቴ። ሌላው ቦታ ሁሉ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ንጹሕ አካባቢ የሁሉም መብት ነው ይላል፤ አንቀጽ 92 ደግሞ የመጠበቁን ግዴታ በመንግሥትም በዜጋም ላይ ይጥላል። ይህንን ያነበበ ሰው ለምን ሁልጊዜ ቦሌ ቢሮ ውስጥ ይቀመጣል? የተማረው ሕጉን ከሩቅ ይጠብቃል፤ ያልተማረው ከቅርብ። ያ ሰውዬ ማሸከምን ከራሱ ነው ያመጣው። እኔ ደግሞ ማሸከም የሚል አንቀጽ የምጽፈው መጀመሪያ አሸክሜ ሳውቀው ነው።»

ለወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ፣ ለዱር እንስሳት ጥበቃው፣ ለፓርኮቹ ሥራ የሚያስፈልገውን ሁሉ ጠይቃ አጣርታለች። ሕጉን ትጨርሳለች፤ ከዚያ ወደዚያ። እኔ ፍርዴን ልሰጥ አፌን ስከፍት እህቴ ሲኒውን አስቀመጠች።

«ያ ሰውዬ ካፖርት ነበር የለበሰው አልሽኝ?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«የእናታችንንም ገመድ የበጠሰው ካፖርት የለበሰ ነበር።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ፤ አርባ ዓመት ያህል ረስቼው ነበር። አራተኛ ክፍል ሳለሁ እናታችን አንድ ጠዋት ባዶ ጀርባዋን ከዳገቱ ወረደች። ሁለት ቁራጭ ገመድ ይዛ ነበር። ምንም ሳትናገር በሩ ላይ ተቀምጣ ሁለቱን ቀጠለቻቸው። ከዚያ በኋላ ያ ገመድ እኛ ቤት ለብዙ ዓመት ኖሯል፤ ውሃ ስንቀዳበት፣ ልብስ ስናሰጣበት፣ መሃሉ ላይ ያለው ቋጠሮ እጃችን ላይ ይሻክር ነበር። እኔ ያስታወስኩት ሻካራነቱን ብቻ ነው። እህቴ ሰውየውን አስታውሳለች። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ስለ ዘበኛ ክብርና ውርደት ስፈላሰፍ፣ እሷ ስትፈራ የነበረው የልጇን መናቅ አልነበረም። ልጇ ያንን ካፖርት እንዳትለብሰው ነበር።

ልጅቷ ተነሥታ ከእናቷ እግር ሥር ተቀመጠች። አንዳቸውም አላለቀሱም። እህቴ ለረጅም ጊዜ ፀጉሯን ስትዳብስ ቆየችና ሦስተኛውን ቡና ቀዳች። በጓሮው በኩል ነፋሱ ባሕር ዛፉን እያወዛወዘው ነበር።

«ሂጂ» አለቻት። «ማሰር ግን አስቀድመሽ ተማሪ። ገመድ መፍታት የሚያውቅ ሁሉ መልሶ ማሰር አያውቅም።»